ባቢከር ዋስ የሆኑ ዕለት

ማርያማዊት የባቢከርን በር አንኳኩታ «ባጃጆቹ ዛሬ ለቤት ይፈለጋሉ» ስትላቸው፣ ሰውዬው የተረዱት ልጅቷ የምትሄድበት ቦታ እንዳላት ነበር። ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ጣት እየፈለጉ ወጡና፣ ከበሩ ማዶ ባጃጇን ስትወለውል የነበረችውን አገኘሽን ጠርተው፣ ልጅቷን ቶሎ አድርሺያት፣ ሒሳብ ብትሰጥሽም እንዳትቀበያት አሏት። አገኘሽም ጨርቋን ከመቀመጫው ሥር ወርውራ ሞተሩን አስነሳች። ማርያማዊት ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ነገሩን እንዴት እንደምትናገረው ከንጋት ጀምሮ በልቧ ስታሰናዳ ብትቆይም፣ ሞተሩ ሲነሣ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

«መሄዴ አይደለም ዓሚ» አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «አባዬ ነው። ሦስቱም ታጥበው ግቢ ውስጥ ይቁሙ ብሏል። እንግዶቹ እስኪሄዱ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

ቀኑ እሑድ ነው፤ ያውም የሰሊጥ ሰሞን እሑድ። ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ደመወዛቸውን ይዘው ከየእርሻው ገንዳ ውሃ ከተማ የሚገቡበት፣ ልብስና ስልክ የሚገዙበት፣ ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና ሲያፈላልጉ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በባጃጅ የሚመላለሱበት ቀን ነው። በክረምት ሃያ ብር የነበረ መንገድ በዚህ ሰሞን አርባ ይጠየቅበታል፤ የሚከራከርም የለም። ባቢከር ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ ወደ ግቢው በር አዩ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዶቹን ለማመላለስ ነዋ» አሉ። «ደግ ነው። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በእግሩ አይሄድም።» ምክንያቱ ይህ እንዳልሆነ ማርያማዊት ታውቃለች። «መሰለኝ» አለችና ዓይኗን ወደ ባጃጁ ጎማ መለሰች።

አገኘሽ ሞተሩን አጠፋች። «እንግዶቹ ስንት ቢሆኑ ነው ሦስት ባጃጅ የሚሞሉት?» አለች። «ሙሽራ ሊጠይቁ ነው ወይስ ቀበሌ ሊያቋቁሙ?» ባቢከር ሳቁ። ማርያማዊትም ለመሳቅ ሞከረች።

ግቢው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊት ደምለውና አሰበች ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት አለ፤ ከጎኑ ሦስት የቆርቆሮ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ከመጸዳጃው አጠገብ ያለው የመጨረሻው የባቢከር ነው። ቀድሞ የጆንያ ማስቀመጫ ስለነበር ፀሐይ ሲበረታ ግድግዳው ዛሬም ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ውስጡ አንድ የጠፍር አልጋ፣ አንድ የሰላት ምንጣፍ፣ በድርብ ሸክላ የተሠራ የውኃ እንስራና ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ፣ መብራት ሲኖር ብቻ የሚዞር ማራገቢያ አለ። ኪራዩ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ሲሰጡ ደምለው «ከአንቱ ኪራይ ልቀበል? መሬት ትዋጠኝ» ብሎ እጃቸውን መልሶት ነበር። ማርያማዊት ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ አባቷን አይታ ኮርታ ነበር። ሁለተኛውን ወር አሰበች ተቀበለች፤ ሦስተኛውን ደምለው ራሱ።

ደምለው በወጣትነቱ ካርቱም ኖሯል። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ከዚያ በመተማ ተሻግሮ፣ ያለ ወረቀት በሰው አገር ሲንከራተት መሪ ያስጨበጡት ባቢከር ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ የካርቱም ተወላጅ አይደሉም፤ ከዳርፉር በልጅነታቸው መጥተው ታክሲ እያጠቡ ያደጉ፣ ኋላም የሰው ታክሲ እየነዱ መጀመሪያ አንዲት ቢጫ መኪና፣ ቀጥሎ አምጃድ የሚሏቸውን ትንንሽ ሚኒባሶች አንድ በአንድ እየገዙ አንድ ጎዳና ሙሉ ያሰማሩ ሰው ናቸው። ሾፌሮቻቸው አብዛኞቹ ሐበሾች ስለነበሩ አማርኛን ከእነሱ ለመዱት፤ ስድቡን ጭምር። ፖሊስ ደምለውን በያዘው ቁጥር «የእኔ ሰው ነው» እያሉ ያስፈቱት ነበር። ማርያማዊት በልጅነቷ የምታውቃቸው በበዓል በበዓሉ ከካርቱም በሚመጣው ሻንጣ ውስጥ ነበር። እናቷ ዕቃውን ስታወጣ «ይህ ከአባትሽ፣ ይህ ደግሞ ከሙዲሩ» እያለች ትለይላታለች። ሙዲር ማለት አለቃ ማለት ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ከአምጃዶቹ ገሚሶቹን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከየመንገዱ ወሰዷቸው፤ የቀሩትን እሳት በላቸው። የባቢከር ሚስት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ግብጽ ወጡ። እሳቸው ንብረቴን ሲሉ ዘግይተው መንገዱ ተዘጋባቸውና በጋላባት በኩል መተማ ገቡ። ወገባቸው ላይ ታጥቀውት የመጡትን የሚስታቸውን ወርቅ ሸጠው አንድ ባጃጅ ገዙ። በስደተኛ ስም ሰሌዳ እንደማይወጣ ሲነገራቸው ደምለው «እኔ ምን ሠራሁና? በስሜ ይውጣ» አለ። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር። አንዱ ባጃጅ ሌላውን ወለደ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም በደምለው ስም ወጡ። ሁለቱን ሰሎሞንና ደረበ የሚባሉ የከተማው ልጆች፣ ሦስተኛዋን አገኘሽ ይነዳሉ። ባቢከር ቀኑን ሙሉ ተራ አስከባሪዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚወጣ የሚገባውን ያያሉ። የባጃጆቹ ገቢ ካይሮ ላለች አንዲት ጠባብ ቤት ኪራይና ለሁለት ልጆች ትምህርት ይሄዳል።

ነገሩ መቼ እንደተለወጠ ማርያማዊት ለይታ አታውቅም። መጀመሪያ ባጃጅ ተራው ላይ «የደምለው ባጃጅ» ሲባል አባቷ ያርም ነበር። ኋላ ማረሙ ሰለቸው፤ የታክሲ ማኅበሩ ስብሰባ ላይም ስሙ ስለሚጠራ ባለንብረት ሆኖ ይቀመጥ ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያለብስ «ባለ ሦስት ባጃጁ አያ ደምለው» ተብሎ ተጠራና ከጎረቤቶቹ ሁሉ በላይ ሰጠ፤ ብሩን ከየት እንዳመጣው ቤት ውስጥ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ባቢከርን «አንቱ» ማለቱን ትቶ «አንተ» ይላቸዋል። ማርያማዊት ራሷም ብትሆን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ አብሯት አካውንቲንግ ይማር የነበረው ናሁሰናይ «ባጃጆች አሏችሁ አሉ» ሲላት፣ ሳቅ ብላ ስለ ፈተና ማውራት ቀጥላለች። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጥታ ቤት ተቀመጠች። ዛሬ የናሁሰናይ አባት ከሽንፋ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ።

አሰበች ጾሙ ሳይገባ ይለቅ ብላ የቸኮለችበት ድግስ ነው። ፍየሏ አሥራ ሦስት ሺህ ብር ፈጅታለች፤ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ከጎረቤት የተዋሰችው ወንበር ሁሉ በልቧ ተመዝግቧል። ለባቢከር ደግሞ እንደ ሁልጊዜው አንዲት ዶሮ በሙስሊም ጎረቤት አሳርዳ ለብቻዋ ድስት ጥዳላቸዋለች። በዚህ በዚህ አሰበችን የሚያማት የለም። ችግሩ ከደምለው በኩል የሚቀመጥ ሰው መታጣቱ ነበር። ወንድሞቹ ጎጃም ናቸው፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ ሊመጡለት አልቻሉም። ያለው የማርያማዊት የክርስትና አባት አያ አዛናው ብቻ ነው። ባዶ አግዳሚ ይዞ ሽማግሌ መቀበል ውርደት ስለሆነ፣ ደምለው እዚያው ጠዋት ወደ ባቢከር ክፍል ሄዶ አብረውት እንዲቀመጡ ጠየቃቸው።

ባቢከር በዚህ እጅግ ደስ አላቸው። ነጭ ጀለቢያቸውን አገኘሽ በከሰል ካውያ ተኮሰችላቸው፤ ጥምጥማቸውን በባጃጇ መስተዋት እያዩ ደጋግመው ጠመጠሙ። ከሱቅ አንድ ጣሳ ከረሜላ ገዝተው ለአሰበች ሰጧት። «ለልጅ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው» አሏት። የእሳቸው ትልቋ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ካይሮ ላይ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ ማን እንደሚቀመጥላት አያውቁም። አሰበች ጣሳውን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አመሰገነቻቸው፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ ያለ ምክንያት ማርያማዊትን ተቆጣቻት።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ትናንት ከነሰሊጡ ከሽንፋ ያመጣቸው፣ አራግፎ ዛሬ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ነው ያደረሳቸው፤ በሩ ላይ ቆመ። የናሁሰናይ አባት አቶ ዋለ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሲናገሩ የሰው ጉልበት የሚመቱ፣ ተጫዋች ገበሬ ናቸው። ግቢ እንደገቡ የቆሙት ባጃጆቹ ጋ ነው። ታጥበው፣ ፕላስቲክ አበባ ተሰክቶባቸው፣ በተርታ ቆመዋል። «እኛ አገር በሬ በረት ታስሮ ነው የሚታየው» አሉ አቶ ዋለ፤ «እናንተ ጋ ሰማያዊ በሬ አለ።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ደምለው «ግቡ፣ ግቡ፣ ፀሐይ ነው» አለ። በሬዎቹ የማን እንደሆኑ አልተናገረም፤ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። ባቢከር ከኋላ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንግዶቹን ይቀበሉ ነበር። ጠዋት «ለማመላለስ ነዋ» ብለው ያለፉት ነገር ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባቸው አልቀረም፤ ማርያማዊት በመስኮቱ ስታያቸው ዓይናቸው ከባጃጆቹ ወደ ደምለው፣ ከደምለው ወደ ባጃጆቹ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ከሁሉም ኋላ ገቡ።

ሳሎኑን ከውስጠኛው ክፍል የሚለየው መጋረጃ ነው። ማርያማዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ትሰማለች፤ መጋረጃው በማራገቢያው ነፋስ ሲነሣ የሰዎቹ ጫማና ጉልበት ይታያታል። የእንግዶቹ አፈ ጉባኤ አቶ አስማረ የሚባሉ ድምፀ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው፣ ዘር ቆጥረው፣ መርቀው ሲጨርሱ አያ አዛናው «ይሁን» አሉ። የሚፈራው አልፎ ሰዉ ተነፈሰ። ቀጥሎ የልጆቹ መቋቋሚያ ተነሣ። አቶ ዋለ ሽንፋ ላይ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ከነግቢው ሰጥቻለሁ አሉ። ደምለው የሚሰጠውን ማርያማዊት ታውቀዋለች፤ አልጋ፣ ቁምሳጥንና ፍሪጅ ነው። ለእሱ ሁለት ዓመት ብር አስቀምጧል። የቤት ዕቃውን ሲዘረዝር ድምፁ ደህና ነበር።

«ዕቃውስ ይቆይ አያ ደምለው» አሉ አቶ ዋለ፤ የአንድ ሰው ጉልበት ሲመታ ተሰማ። «ዕቃ እናቱም ጋ ሞልቷል። ሽንፋ የጠፋው ባጃጅ ነው። ልጆቹ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ምን ይበላሉ? ከሦስቱ በሬዎች አንዱን መርቅላቸውና እንጨርሰው።»

ማራገቢያው ይዞራል። የማርያማዊት እጅ አልጋ ልብሱን ጨብጦ ይዟል። አባቷ አሁን «የእኔ አይደሉም» ቢል ምን እንደሚሆን ታያት፤ የሽማግሌዎቹ ጫማ ሲነሣ፣ አይሱዙው ሲሄድ፣ ናሁሰናይ ስልክ አላነሳ ሲል። ይበል ይሆን ብላ ፈራች። ፍርሃቷን ያወቀችው አባቷ ከተናገረ በኋላ ነው።

«እግዜር ያክብርልኝ» አለ ደምለው። «አንዷን ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ አመሰገኑ፣ መረቁ። አቶ አስማረ ግን ሥርዓት አዋቂ ናቸው፤ ዋስ ሳይጠራ የተሰጠ ነገር አልተሰጠም አሉ። ለቤቱ ዋስ ከእነሱ በኩል አንድ ሰው ቆመ። ለባጃጇ ደግሞ ከሴቷ በኩል ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱ ግን የሥጋም የመንፈስም ዘመድ መሆን የለበትም፤ ሰጪው ቢያጥፍ ከራሱ ንብረት አውጥቶ የሚከፍል፣ ነገሩንም በእጁ የሚያስረክብ ሰው መሆን አለበት። አያ አዛናው የክርስትና አባት ስለሆኑ አይሆኑም። አግዳሚው ላይ የቀረው አንድ ሰው ነው።

«እኒህ ሱዳናዊ ጎረቤት ይሁኑና» አሉ አቶ አስማረ። «ፊታቸው እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ፊት ነው። ይቆሙለታል?»

መጋረጃው ሲነሣ ማርያማዊት የባቢከርን እጆች አየቻቸው። ጀለቢያቸው ላይ አርፈዋል። ጎናቸው ያለው አባቷ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀዳ ነገር አግኝቶ ጎንበስ ብሏል። እንግዶቹ ሰውዬው አማርኛው ያልገባቸው መስሏቸው አቶ አስማረ ነገሩን ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ ደግመው ተናገሩት። ዋስ ማለት ከራስ ንብረት መክፈል ማለት ነው አሏቸው።

«ገብቶኛል» አሉ ባቢከር። «ዋስ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ደመቀ። አቶ ዋለ፣ መኪናው ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ መንገዱም ነገ ይዘጋ ይከፈት አይታወቅም፣ ባጃጇን ለምን ዛሬውኑ አንጭናትም የሚል ሐሳብ አመጡ። ወጉ በሠርጉ ዕለት ቢሆንም ሽማግሌዎቹ የዘንድሮ መንገድ ወግ አያውቅም ብለው ተስማሙ። ማርያማዊት እጅ ልታስታጥብ ወጣች። በተርታ እያስታጠበች ባቢከር ጋ ስትደርስ ውኃው ጀለቢያቸው ላይ ፈሰሰ። «ተባረኪ ቢንቲ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ዶሮዋ ለብቻ በሳህን ቀረበችላቸው፤ አሰበች «ይብሉልኝ፣ ይህቺንም ይጨምሩ» እያለች ከራሳቸው ላይ አልነሣ አለች። ከማንም ይልቅ ለእሳቸው ደጋግማ አጎረሰች። እሳቸውም የቀረበላቸውን በሉ።

ምሳው ሲያበቃ ባቢከር ሰላት ሊሰግዱ ወጡ። ማርያማዊት ሳህን ሰብስባ ስትጨርስ በጓሮ ዞራ ሄደች። ሰግደው ጨርሰው፣ እንድትጫን በተመረጠችው በአገኘሽ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ነበር፤ የራሳቸውን ነገር ያወጣሉ፤ የመቀመጫውን ጨርቅ፣ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ፣ ከሥሩ የነበረውን የብሎን መፍቻ። አገኘሽ ማዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች። ወሬው ደርሷታል።

«ዓሚ፣ ለምን ዋስ ሆኑ?» አለች ማርያማዊት።

ባቢከር መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱ። «ሌላ ምን ልል ነበር? የእኔ ናት ብል ሰዎቹ በስምህ ናት ወይ ይላሉ። አይደለችም። ከዚያ ወሬው ይወጣል፤ ወሬው ሰሌዳ የሚሰጠው ቢሮ ይደርሳል። ሦስቱም ይሄዳሉ። ዋስ ስሆን የሄደችው አንዷ ናት።»

«አባዬ ይህን አስቦ አይመስለኝም።»

«አባትሽ ሾፌር ነው ቢንቲ» አሉ። «እኔ ነኝ ያስተማርሁት። ሾፌር ሳይታጠፍ መንገዱን ያያል።»

ሌላ የሚነግሯት ነገር ያለ መስሏት ቆመች። እሳቸው ግን የመቀመጫውን ጨርቅ እያጠፉ ነበር፤ አራት ማዕዘን አድርገው አጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። አገኘሽ ከተቀመጠችበት ሆና፣ እሷም ልጅ እንዳላት፣ ሰኞ ምን ነድታ እንደምታበላው ሽማግሌዎቹን ጠይቂልኝ አለቻት። ማርያማዊት «አገኝሻለሁ» የሚል የማይገጥም መልስ መልሳ ሄደች።

ከቤቱ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ለናሁሰናይ ደወለች። ሽንፋ ላይ ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሦስት ጊዜ ተቋረጠባት። ሲገኝ ድምፁ ደስታ ነበረበት፤ አባቱ ደውለው ሁሉንም ነግረውታል። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ባጃጆቹ የአባቷ እንዳልሆኑ፣ የባቢከር እንደሆኑ፣ ሰውዬው በራሳቸው ንብረት ላይ ዋስ እንደቆሙ። መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስሙን ጠራች።

«ለማን ነገርሽ?» አላት።

«ለማንም።»

«እንግዲያው አትንገሪ። አባቴ ከሰማ ይህ ጋብቻ አበቃ፤ ታውቂዋለሽ። ነገ ሠርተን እንክሳቸዋለን። አሁን ግን ዝም በይ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?»

«እሺ» አለች። ስልኩን ስትዘጋ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል እንዳለ ተሰማት። ሰው እንዲህ ሲላት ነበር የፈለገችው፤ ዝም በይ የሚላት ሰው ፈልጋ ነበር የደወለችው። ይህን ስታውቅ ፊቷ ጋለ፤ እጇን ቆርቆሮው ላይ ብትጭነውም ቆርቆሮው ከፊቷ የበለጠ ይፋጅ ነበር።

ስትመለስ አባቷን ቧንቧው አጠገብ አገኘችው። ብቻውን እጁን ይታጠባል፤ እንግዶቹ ሳሎን ውስጥ ይስቃሉ። «አባዬ» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከአረቄው ይሁን ከሌላ ነገር አላወቀችም። «ምን ጎደለ?» አላት። ተያዩ። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንደሚያውቅ ሁለቱም አወቁ። «ምንም» አለችው። ቧንቧው መሐል ላይ ተቋርጦበት ነበርና ጆጉን አንሥታ ውኃ አፈሰሰችለት። ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ከለቀቀ በኋላም እጁን ማሸቱን አላቆመም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አይሱዙው ኋሊት ተነድቶ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል ጋር ተጠጋ። አገኘሽን ባጃጇን አስነሥተሽ አውጪያት ሲሏት አሻፈረኝ አለች፤ በግፊት ወጣች። የሰፈሩ ወጣቶች ገፉ፣ ሰሎሞንና ደረበም ገፉ። ባቢከር ከኋላ ሆነው በሁለት መዳፋቸው ገፉ፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። ገመዱን በጎማዎቹ መሐል አሳልፈው ካሰሩ በኋላ አቶ አስማረ ሥርዓቱን ጠየቁ። ባቢከር የባጃጇን ጎን በእጃቸው ነክተው «ዋስነቴን ተወጥቻለሁ» አሉ። አቶ ዋለ «ተረክበናል፤ እንደ እርስዎ ያለ ዋስ ያብዛልን» ብለው አቀፏቸው። ደምለው አንድ እግሩን በሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ቆሟል።

«አያ ደምለው» አለች አገኘሽ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሁለተኛ ሴት ልጅ የለዎትም አይደል?»

እንግዶቹ ለምርቃት ወስደውት ሳቁ። አቶ ዋለም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና እሷስ ብትኖር ለታናሹ ልጄ ነበረች አሉ። አሰበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ማርያማዊት ግን መግባት አልቻለችም፤ ሙሽራ ናትና ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጉልበት መሳም አለባት። በተርታ ሳመች። ተራው ባቢከር ጋ ሲደርስ እሷ ጎንበስ ከማለቷ በፊት እሳቸው ወደ ክፍላቸው መንገድ ጀምረው ነበር።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ባቢከር የጠፍር አልጋቸውን በሰሎሞን ባጃጅ ጣሪያ ላይ አሳስረው ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለ ሌላ ግቢ ገቡ። የወሩን ኪራይ ለአሰበች ሰጥተው ነው የሄዱት። ሁለቱ ባጃጆች በደምለው ስም እንዳሉ ቀሩ። ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ባቢከር ተጠርተው ነበር፤ መጡም።